የተልባው ጥሩር

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ውሻ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ፖስታ በሩ ሥር ወድቆ ሳይ ሳልከፍተው ሦስት ቀን አሳድረዋለሁ። ባሌ «አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽ ቢከተልሽ ትሮጫለሽ» እያለ ይቀልድብኛል። አሁን የምጽፈው ግን ስለነዚያ ሁሉ አይደለም። የምጽፈው በገዛ እጄ ስለሠራሁት ልብስና ያ ልብስ ሰው ያስገድልብኛል ብዬ እንቅልፍ ስላጣሁበት የሁዳዴ ጾም ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ባሌን ተከትዬ ስቶክሆልም ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምንኖረው ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ለቤተ ክርስቲያን የዲያቆናት ቀሚስ፣ የመጣልኝን ሁሉ እሰፋ ነበር። የቋንቋ ትምህርቱን እንደጨረስኩ ፋርስታ በሚባል ሌላ ሰፈር ወዳለ አንድ ትንሽ የስፌት ክፍል ለፕራክቲክ ተላክሁ። ምድር ቤት ነው። ለቲያትርና ለኤግዚቢሽን የጥንት ዘመን ልብስ የሚሠራበት ቦታ ነው። ፕራክቲክ ማለት ሥራው ላይ ሆነሽ የምትታዪበት ጊዜ ነው፤ ከወደዱሽ ትቀጠሪያለሽ፣ ካልወደዱሽ ደህና ሁኚ።

የክፍሉ ኃላፊ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እዚያ ምድር ቤት የገቡት። በዚህ አገር ትንሹም ትልቁም «ዱ» ነው የሚባባለው፤ አንተ፣ አንቺ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አባቴን የሚያህል ሰው አንተ ማለት ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ቃሉን እየዘለልኩ ነበር የማወራው። «ሻይ ይፈለጋል?» «መቀሱ የት ተቀመጠ?» እያልኩ ግድግዳውን የማናግር እመስል ነበር። እሳቸው ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው አላውቅም፣ አንድም ቀን አልሳቁብኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እጇን እዩ፣ ስፌቷን እዩ» እያሉ ያሳዩኛል። ስዊድን ከገባሁ እንደዚያ አክብሮ ያየኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህም እወዳቸው ነበር፤ ስለዚህም ነው ነገሩ የከፋው።

በዚያ የብርድ ወራት ለአንድ ኤግዚቢሽን የጥንት ግሪክ ወታደር ጥሩር እንድንሠራ ታዘዝን። ጥሩር ማለት ወታደር ደረቱንና ጀርባውን የሚጋርድበት መከላከያ ነው። እኔ የግሪክ ወታደር ሲባል በነሐስ የሚያብለጨልጭ ሰው ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ሽማግሌው ሥዕል እያሳዩ አስረዱኝ። የነሐሱ ጥሩር ሁለት ገጽ ነው፤ የፊትና የኋላ። የደረቱ ጡንቻና እምብርቱ ሳይቀር ተቀርጾበታል። ለፈረሰኛው የሚሠራው ከወገቡ ላይ አጠር ብሎ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ አለዚያ ፈረሱ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ጭኑን ይወጋዋል። ልኩ ያልሆነ ጥሩር ክብደቱን በሙሉ ትከሻ ላይ ይጥላል፤ በልክ የተሠራውን ግን መላ ሰውነት ተካፍሎ ይሸከመዋል አሉኝ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ካፖርትም እኮ እንደዚያው ነው።

ብዙ ወታደር ግን የሚለብሰው ጨርቅ ነበር፣ አሉ። ከተልባ እግር የተሸመነ ጨርቅ፣ በብዙ ድርብ። እንደ ሰሌን ደረትና ጀርባን ዞሮ በግራ ጎን ይታሰራል፤ ሁለት ሰፋፊ ማንገቻዎች ከጀርባ በትከሻ ላይ መጥተው ደረት ላይ ይታሰራሉ፤ ከወገብ በታች ደግሞ እግር እንዳይይዝ የተቆራረጡ ዘርፎች ይንጠለጠላሉ። ጨርቅ በስብሶ የሚጠፋ ነገር ስለሆነ አንድም የተረፈ የለም። ድርቡ ተሰፍቶ ይሁን ተጣብቆ እንኳ አዋቂዎቹ አልተስማሙም። ሽማግሌው ተጣብቆ ነው ከሚሉት ወገን ነበሩ።

«ጨርቅ እንዴት ቀስት ያቆማል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እሱን እናያለን» አሉኝ እጃቸውን እያፋተጉ።

መጀመሪያ እሳቸው ራሳቸው መሐረብ የሚያህሉ ናሙናዎች ሠሩ። እኔ ቆረጥኩ፣ እሳቸው አጣበቁ። አሥራ ሁለት ድርብ ነበር። ሙጫው ከጥንቸል ቆዳ የሚቀቀል ነው። ናሙናውን የጭድ ነዶ ላይ አስረው፣ የቀስት ክበብ መሪ የሆኑ አንዲት የድሮ ወዳጃቸው ወረወሩበት። የፍላጻው ጫፍ ብቻ ገብቶ ቆመ። ሽማግሌው እንደ ልጅ ዘለሉ። ከዚያ ለትክክለኛው ጥሩር ልካቸውን እንድወስድ ሜትሩን ሰጡኝ፤ የራሳቸውን ደረት፣ የራሳቸውን ወገብ።

«የሚሰቀለው የእንጨት ቋሚ ላይ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ያለ ሰው ልክ ጥሩር የለም» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

የማጣበቁ ቀን ሲደርስ ልጃቸው ወልዳ ለሁለት ሳምንት ወደ ሰሜን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት የሙጫውን ቆርቆሮ፣ የሚሞቅበትን ድስትና በእጃቸው የጻፉትን መመሪያ ሰጡኝ። «ያልኩሽን ብቻ አድርጊ፤ በአንቺ እጅ ላይ ሐሳብ የለኝም» አሉኝ።

ሁዳዴ ከገባ አሥር ቀን ሆኖታል። ለጸሎተ ሐሙስ ልቆርብ ለንስሐ አባቴ ቃል ገብቻለሁ። ድስቱን ጣድኩት። ሙጫው ሟሙቶ ሽታው ሲነሳ አፍንጫዬን በክንዴ ሸፈንኩ። በጾሙ ሥጋ አይነካም፤ ጥንቸል ደግሞ ጾምም ሆነ ፍስክ የእኛ ሰው አፉ ላይ የማያደርሰው እንስሳ ነው። ያ ነገር ጥፍሬ ሥር ገብቶ፣ በዚያው እጄ እንዴት ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው? ሁለት ሳምንት ሙሉ እስከ ክርኔ በጥንቸል ስታሽ ልከርም ነው? ድስቱን አወረድኩና መስኮት ከፈትኩ።

ሰው መጠየቅ ይቻል ነበር። ስልክ ነበር፣ ቄስ ነበሩ፣ ሽማግሌውም ቁጥራቸውን ትተውልኝ ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ቤት ውስጥ ለጾም የገዛሁት ተልባ አለ። ተልባ ሲፈላ እንደሚዝለገለግ የእኛ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ጨርቁ ከተልባ እግር፣ ሙጫው ከተልባ ፍሬ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይስማማል? ቤቴ ቀቀልኩት፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩት፣ እስኪወፍር አንተከተክሁት፣ በማሰሮ ይዤ በፔንደልቶግ፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ፋርስታ ወሰድኩ። ድርብ በድርብ ቀባሁ፣ በሳንቃ ተጫንኩት፣ የቤት ማሞቂያው ራዲያተር ላይ አደረቅኩት። ሲደርቅ እንደ ጣውላ ሆነ። በጣቴ ሳንኳኳው ኳ፣ ኳ አለ። ኩራቴን ምን ልበላችሁ! ከዚያ ያደረግሁትን ግን ለመጻፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። የጥንቸሉን ሙጫ የተጠቀምኩበት እንዲመስል ከቆርቆሮው ግማሹን አውጥቼ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት።

ሽማግሌው ተመልሰው ጥሩሩን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንኳኩት፣ አሸተቱት፣ ለበሱት። ክፍሉን ሁለቴ ዞሩበት።

«ይህንንስ ጭድ ላይ እንሰቅለዋለን?» አልኩ።

«አይ፣ የተጠናቀቀ ሥራ መብሳት ነውር ነው። ናሙናው ተፈትኗል እኮ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምንወረውርበት፤ ያን ጊዜ ውስጡ እኔ እሆናለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ስለነዚህ ሰዎች አስተምሬአለሁ። ፍላጻው ሲመታው ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው አላውቅም። ሳልሞት ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በሚመጣው ቅዳሜ፣ በቀስት ክበቡ ሜዳ። ወዳጃቸው በሃያ እርምጃ ይወረውራሉ። ለባለቤታቸው እንዳልነገሩ ነገሩኝ፤ እየሳቁ። እኔ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ መንቀል አቃተኝ።

ያን ሳምንት እንዴት እንደኖርኩት እግዚአብሔር ያውቃል። ሰኞ ማታ ከጥሩሩ የተረፈኝን ቁራጭ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በወስፌ ወጋሁት። ጠነከረ። ደስ አለኝ። ከዚያ የሚፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ያዝኩት። ለአንድ ሻይ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው የያዝኩት፤ ድርቡ አንድ በአንድ እንደ እርጥብ ጋዜጣ ተላቀቀ። ተልባው እርጥበት አይወድም ማለት ነው። ቅዳሜ ቢዘንብስ? ቢያልባቸውስ? ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሆድ ላይ ብረት ሲገባ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ቁጭ አልኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፋሁት ሱሪ ቢተረተር ደንበኛ ይሰድበኛል፤ ሌላ ምንም አይመጣም። ይህኛው ቢተረተር የሚወጣው ደም ነው።

ለባሌ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። «የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ» አለ። የተላቀቀውን ቁራጭ አሳየሁት። ሳቁን አቆመ። «ነገ ጠዋት ንገሪያቸው» አለኝ።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። አዳመጡኝና «ልጄ፣ አትብሉ ተባለ እንጂ ለሥራ አትንኩ ማን አለሽ? የጫማሽ ቆዳ ከምን የመጣ ነው?» አሉ። «አሁን ጥንቸሉን ተይው። የሰው ነፍስ ነው ያለው። ዛሬውኑ ንገሪያቸው» አሉኝ።

ሐሙስ ቀን ልነግራቸው ቆርጬ ገባሁ። በባቡር ላይ የስዊድንኛውን ዓረፍተ ነገር እየደጋገምኩ አጥንቼዋለሁ። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። እንድቀጠር የጻፉልኝ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ቀስ ብለው አነበቡልኝ። «የተሰጣትን ሥራ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ትፈጽማለች። በሙሉ ልቤ የማምናት ሰው ናት» ይላል። እንዴት ብዬ ነው በዚህ ወረቀት ላይ «ዋሽቼዎታለሁ» የምለው? ይሉኝታ ያዘኝ። አባት የሚያህል ሰው፣ ያከበረኝ ሰው፣ ፊቱ ሲጠቁርብኝ ለማየት ድፍረት አጣሁ። «አመሰግናለሁ» አልኩና ወደ መርፌዬ ሄድኩ። ዓርብም ሄደ። ዓርብ ማታ እግዚአብሔርን «እባክህ አታዝንብ» ብዬ ለመንኩት። አፍ ሰጥቶኝ እያለ፣ የምለምነው ሰማዩን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እርጥብ በረዶ ጣለ።

ሜዳው ከጫካ ዳር ነው። ከሦስታችን በስተቀር ማንም አልነበረም። ቀስተኛዋ ሴት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ዝምተኛ ናቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን የሚሸፍን የሽቦ ጭንብል ይዘው መጥተዋል። አንገታቸውንና ጭናቸውን በወፍራም ቆዳ ሸፍነዋል። ሆዳቸውና ደረታቸው ላይ ግን ከቀጭን ሸሚዝ በቀር የእኔ ጥሩር ብቻ ነው። «ማሰሪያውን አንቺ እሰሪልኝ፣ የሠራሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

አሰርኩት። የግራ ጎኑን ከታች ወደ ላይ፣ አራት ቦታ። ማንገቻዎቹን ጎንበስ አሉልኝና ደረታቸው ላይ አሰርኩ። በረዶው ጥሩሩ ላይ እየወደቀ ይቀልጣል። ጠርዙን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎደጎደ፤ እንደ ጣውላ የነበረው ነገር እንደ ትኩስ ዳቦ ለስልሷል። ጣቴ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ቀረ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ከሸሚዛቸው ሥር ልባቸው ሲመታ ይሰማኛል። ቋጠሮውን አጠበቅሁት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

«ጠበቀ?» አሉኝ።

«ጠበቀ» አልኩ።

በረዶውን እየረገጡ ሄዱ። እርምጃቸውን ቆጠርኩ። ስድስት፣ ሰባት። አሁን ንገሪያቸው እላለሁ ለራሴ፣ ምላሴ አይታዘዝም። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ምናልባት ይይዝ ይሆናል እላለሁ። ምናልባት ሴትዮዋ ይስቱ ይሆናል እላለሁ። ሃያ ላይ ደርሰው ዞሩ፣ ጭንብላቸውን አወረዱ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ሴትዮዋ ፍላጻውን ደገኑ። የቀስቱ ገመድ ሲሳብ ትንሽ ሲጥ አለ። ያ ድምፅ ነው የገላገለኝ።

«አባባ! ያውልቁት! በእመቤቴ ያውልቁት!»

የወጣው አማርኛ ነው። ያጠናሁት ስዊድንኛ የት እንደገባ አላውቅም። ሴትዮዋ አንዲት ቃል አልገባቸውም፣ ግን ቀስቱን ወደ መሬት አወረዱ። እኔ በረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩና ማሰሪያውን ለመፍታት ታገልኩ። ያጠበቅሁት ራሴ ነኝ፤ አልፈታ አለኝ። በጥርሴ ነው የፈታሁት። እያለቀስኩ በስብርባሪ ስዊድንኛ ነገርኳቸው፤ ጥንቸሉን፣ ጾሙን፣ ተልባውን፣ ቆሻሻ ውስጥ የደፋሁትን፣ ሁሉንም። ጭንብላቸውን ስላላነሱ ፊታቸውን አላየሁትም።

ሽማግሌው ጥሩሩን ወስደው የጭድ ነዶው ላይ አሰሩት። ለሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው። ገመዱ ሲጥ አለ፣ ተለቀቀ።

ናሙናው ላይ እንደሰማነው ያለ ጠንካራ ድምፅ አልነበረም። ለስላሳ ነበር፣ ትራስ የተመታ ያህል። ስንጠጋ ፍላጻው የፊቱን ገጽ በስቶ፣ ጭዱ ውስጥ እስከ መሐሉ ሰጥሟል። የገባው ከእምብርት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ጎትተው ነቀሉት፤ ከዚያ ቀስታቸውን ሰብስበው፣ እኔንም ሽማግሌውንም ሳያዩ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሽማግሌው ጭንብሉን አነሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው ከተቱ፤ ገባ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ። ከዚያ የራሳቸውን ሆድ በሸሚዙ ላይ፣ ያንኑ ቦታ ፈልገው ዳሰሱት። እርጥቡ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሲፈሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«ሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ» አልኩ።

ይህን ከአፌ ሲወጣ ስሰማው ነው ራሴም የገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይሞቱብኛል ብዬ የምፈራ ይመስለኝ ነበር። ግን ሞታቸውን ከቅያሜያቸው በላይ ፈርቼው ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ጠዋት እነግራቸው ነበር። ከሞታቸው ይልቅ ፊታቸው ሲጠቁርብኝ ማየቱ ነበር የከበደኝ።

ሽማግሌው አልጮኹም፣ አልተቆጡም። በረዶው ጭንቅላታቸው ላይ ይወርዳል፣ አይጠርጉትም።

«ግን እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ሊገባው እንደሚፈልግ ተማሪ ቀስ ብለው፣ «ጠበቀ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ፣ ጠበቀ አልሽኝ።»

«አዎ» አልኩ። «ብዬዎታለሁ።»